ጋቢ የለበሰው ቴሌቪዥን

እኛ ሰፈር ቴሌቪዥን የገዛ ሰው በእኛ በር ሲያልፍ ይጮሃል። የተጻፈ ሕግ የለም፤ ግን ከአስፋልቱ እስከ ወፍጮ ቤቱ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ባለፈው ቅዳሜ ተራው የፀጉር ሠሪያችን ነበር። ካርቶኑን ባጃጅ ውስጥ አቁማ፣ ሥዕሉን ወደ ውጭ አዙራ፣ በሁለት እጇ እንደ ሕፃን አቅፋው መጣችና በራችን ጋ ስትደርስ «ቀስ በል፣ ቀስ በል» ብላ አንገቷን አወጣች። «ኦቦ ታደሰ! ቴሌቪዥን ነውውው!» ባለ ባጃጁም ጥሩምባውን ነፋላት። አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይቦርሽ ነበር። እኔ ልብስ እያሰጣሁ በጎን አየሁት። ሌላ ጊዜ እንዲህ ሲጮህበት ጆሮው ድረስ ይቀላና ተነስቶ ወደ ቤት ይገባል። ቅዳሜ ግን ብሩሹን ወደ ላይ አንስቶ «በደስታ እዪው! እንዳታስተኚው ብቻ!» አላትና ሳቀ። አባቴ! በዚህ ቀልድ! እናቴ ከጓዳ እጇን እየጠረገች ወጥታ «ማን ነው የሳቀው?» አለች።

አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ «ድሮ» ስል አጎቴ ገመቹ ሆዱን ይዞ ይስቃል። «የአንቺ ድሮ እኮ የእኔ ትናንት ነው፣ ሲፈን!» ይለኛል። ይሳቅ። ቡራዩ ያደገ ሰው ግን ይረዳኛል፤ እዚህ አንድ ክረምት ሌላ ቦታ ከርመው ሲመለሱ ሰፈሩ አይታወቅም። የባቄላ እሸት የሰረቅንበት ማሳ ዛሬ ባለ ሦስት ፎቅ ነው፣ ከሥሩ ፋርማሲ አለ። ስለዚህ እኔም ድሮ አለኝ። በእኔ ድሮ የታክሲ ረዳት ከአሸዋ ሜዳ እስከ ሰፈራችን ለተሰጠው ሁለት ብር ሳንቲም ይመልስ ነበር። ወንዶቹ እግራቸው ላይ የተሰፋ የሚመስል ጠባብ ሱሪ፣ ሴቶቹ በሱሪ ላይ አጭር ቀሚስ ይለብሱ ነበር። አስፋልቱ ዳር ሚሞሪ ላይ ዘፈን የሚጭኑ ሁለት ሙዚቃ ቤቶች ፊት ለፊት ተፋጠው ነበር። አንዱ ኦሮምኛ ብቻ፣ ሌላው አማርኛ ብቻ ያጫውታል፤ ድምፅ ማጉያቸውን በር ላይ አውጥተው ይፎካከራሉ። መንገዱ መሀል የቆመ ሰው ሁለቱ ተደባልቀው ሦስተኛ ዘፈን ሲሆኑ ይሰማል። እኔ ያንን ሦስተኛውን ዘፈን እስከ ዛሬ አንጎራጉረዋለሁ፤ ግጥም የለውም፣ ዜማውንም ማንም አያውቅልኝም።

አባቴ ብየዳ ቤት አለው። ያን ጊዜ ቤት የማይሠራ ሰው አልነበረም፤ ቤት የሠራ ደግሞ በር ይፈልጋል፤ አባቴም ከጠዋት እስከ ማታ በር ይበይዳል። ቤቶቹ የሚሠሩት በማን መሬት ላይ እንደሆነ ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወሩ ነበር። አያቴ የሱሉልታ ገበሬ ነው። ሊጠይቀን ሲመጣ ግድግዳ ላይ የተደረደሩትን በሮች አንድ በአንድ ያይና «ታዴ፣ ይሄ ሁሉ በር ለማን ነው?» ይለዋል። አባቴ «ለባለቤቱ ነዋ፣ አባባ» ብሎ ሻይ ይቀዳለታል። ማስተር ፕላን የሚባል ነገር በየቤቱ ይነሳል። እኔ ማስተር ፕላን ሰውዬ ይመስለኝ ነበር፤ ረጅም፣ ኮፍያ ያለው፣ መሬት በሜትር እየለካ የሚመጣ። ልጆች ሆነን «ማስተር ፕላን መጣ!» እየተባባልን በየአጥሩ ሥር እንደበቃለን። ትልልቆቹ ግን በዚህ አይስቁም። ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ወጥተው መንገድ ይዘጋሉ፣ ጎማ ይቃጠላል፣ ልጆች በመኪና ተጭነው ይወሰዳሉ፤ ከዚያ ደግሞ ለአንድ ሁለት ሳምንት ምንም እንዳልተፈጠረ ይሆናል። አባቴም ወደ በሩ ይመለሳል።

የድሮው ቴሌቪዥናችን ከኋላው እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ነበረው። ሲከፈት መጀመሪያ ድምፁ ይመጣል፣ ሰውየው ዘግይቶ ይመጣል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ይቀራል። ሲቀር አባቴ ጎኑን በመዳፉ ይመታዋል። አናቱ ላይ እናቴ በእጇ የሠራችው ዳንቴል፣ ከዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ከአበባው ጎን የሠርጋቸው ፎቶ ነበር። አባቴ «ፍላት ልገዛ ነው» ሲል እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችው «ዳንቴሉስ የት ሊቀመጥ ነው?» ብላ ነው። እሑድ እሑድ ጎረቤት ለድራማ ይሰበሰብልናል። ከሁሉ ቀድማ የምትመጣው አደ ብርቄ ነበረች፤ «አደ» በኦሮምኛ «ወይዘሮ» ማለት ነው፣ «ኦቦ» ደግሞ «አቶ»። ከእኛ ሦስት በር አልፋ ትኖራለች፣ ወፍጮ ቤቱ ጥግ ጎመንና ሚጥሚጣ ትሸጣለች፣ ካላት አንድ ልጇ ከለሚ ጋር ናት። ለሚ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር። ሥዕሉ ሲንቀጠቀጥ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናውን የሚያዞርልን እሱ ነው። «መጣ?» ይላል ከላይ። «ሄደ!» እንለዋለን ከታች። «አሁንስ?» «ሴትዮዋ መጣች፣ ሰውየው ቀረ!» አደ ብርቄ በሳቅ እንባዋን ትጠርጋለች፤ «ልጄን ዝንጀሮ አደረጋችሁት እኮ» ትላለች።

እንግዲህ ግዢው። ጠዋት ሰላም ነበር፣ ታክሲም ነበር። አባቴ፣ አጎቴ ገመቹና ሁለተኛ ክፍል የሆንኩት እኔ ወደ መርካቶ ሄድን። አጎቴ ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ ነበር የሚሠራው፤ በግርግሩ ምክንያት ፋብሪካው ሠራተኛውን ለጊዜው አሰናብቶ ስለነበር እኛ ቤት ነበር የከረመው። አባቴ ካርቶኑ እንዳይፋቅ ብሎ ነጭ ጋቢውን ይዟል፤ ገና ያልገዛውን ቴሌቪዥን ብርድ ሊመታው ይመስል። ሱቁ ውስጥ ግድግዳው ሙሉ ቴሌቪዥን ነው፣ ሁሉም አንድ ዓሣ ያሳያሉ። ያ ቢጫ ዓሣ በሁሉም ላይ እኩል ዞር ሲል አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አባቴ ግን ብረት ሠሪ ነው፤ ቀረብ አለና ስክሪኑን በጣቱ አንጓ ኳ ኳ አደረገው።

«ላሜራው ስንት ነው?»

ሻጩ ስቴኪኒ የሚያኝክ ወጣት ነበር፤ ስቴኪኒው ሊያንቀው ነበር። «ጋሼ፣ በር አይደለም እኮ! እንደሱ አይንኳኳም!»

«ስስ ነዋ።»

«ጥሩነቱ እሱ አይደል? እንዲያውም ስስ በሆነ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል።»

አባቴ ወደ አጎቴ ዞረ። «ሰማህ? በቀጭን ላሜራ በር ስሠራ ሌባ ነህ ይሉኛል።»

በመጨረሻ ተገዛ። ሃምሳ ኢንች። ከጎኑም እናቴ ያዘዘችው የፕላስቲክ ምንጣፍ፣ ረጅም ጥቅል። ሻጩ ሪሞቱን ለእኔ ሰጠኝ፤ «አዛዧ አንቺ ነሽ» አለኝ። ለአባቴ ደግሞ ጣቱን እየቀሰረ አስጠነቀቀው። «ጋሼ፣ ቆሞ ይሂድ። ሰው ነው ብለው ያስቡት። እንዳታስተኙት። ከተኛ ስክሪኑ ይሞታል፤ እኔ ደግሞ የለሁበትም።»

የተመለስንበት ታክሲ አሸዋ ሜዳ ሲደርስ ረዳቱ በሩን ከፈተ። «መጨረሻ! ከዚህ አያልፍም!» ወደ ቡራዩ በኩል ጥቁር ጭስ ቆሟል። ሰዉ ጫማውን በእጁ ይዞ በአስፋልቱ መሀል በእግሩ ይሄዳል፤ መኪና የለም፤ ሁለቱ ሙዚቃ ቤቶች እንኳ ዝም ብለዋል። ያን ሳምንት ለተቃውሞው ሲባል እንዳይሸጥ እንዳይገዛ መባሉን የሰማነው እዚያ ነው። አንድ ሽማግሌ አጠገባችን ቆም ብለው ካርቶኑን አዩት። ሥዕሉ ላይ ነጫጭ ጥርስ ያላቸው ፈረንጆች ሶፋ ላይ ተደርድረው ይስቃሉ። ሽማግሌው ወደ አባቴ ቀና ብለው «በዚህ ቀን?» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። አባቴ ጋቢውን አውጥቶ ፈረንጆቹን ሸፈናቸው።

አጎቴ ከተዘጋ አጣና ተራ ዘበኛውን ለምኖ ሁለት አጣና አመጣ። ካርቶኑን አጣናዎቹ ላይ አጋድሞ፣ ምንጣፉን ከላይ በቁመቱ አስሮ፣ ጋቢውን በሁሉም ላይ አለበሰው።

«ሰውየው አታስተኙት አላለም?» አለ አባቴ።

«ሰውየው መንገድ ይዘጋል ብሎ ያውቅ ነበር? ይልቅ ያዝ፣ ታዴ።»

አባቴ ከፊት፣ አጎቴ ከኋላ በትከሻቸው ተሸከሙት። እኔ ሪሞቱን ሹራቤ ውስጥ ከትቼ ከኋላ ተከተልኩ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ደስታዋ ትመጣብኛለች፣ ወዲያው ደግሞ ፊቴ ይግላል።

መጀመሪያ አንድ ሰውዬ ከደጁ ተነስቶ ባርኔጣውን አወለቀ። «ይሄ ያውቅሃል?» አለ አባቴ። «አያውቀኝም» አለ አጎቴ። ትንሽ ቆይቶ ሌላው ተነሳ። ከዚያ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላችን ገቡ። እኛ ዘንድ መንገድ ላይ ሬሳ የገጠመው ሰው ጉዳዩ ቢቸኩልም ዞሮ ጥቂት ሳይሸኝ አያልፍም፤ የማያውቀውም ቢሆን። የማን እንደሆነ መጠየቅም አያስፈልገውም፤ ይሸኛል፣ ይመለሳል። በዚያ ሰሞን ደግሞ የሚመለስ አልነበረም። አንዷ ሴትዮ አናቴን ስማ «አይዞሽ፣ የኔ እናት» አለችኝ። «እሺ» አልኳት በፈገግታ። ሴትዮዋ አፏን በነጠላዋ ይዛ ወደ ጎረቤቷ ዞረች። «አላወቀችም እኮ! ልጅ ናት፣ አላወቀችም!»

አባቴ ያኔ ገባው። እርምጃው ተሰበረ። «ገሜ፣ ሬሳ መስሏቸው ነው። አውርድና እንግለጠው።»

«እዚህ መሀል? የሚያለቅሱት ሰዎች ፊት ቴሌቪዥን ልታወጣ? ዝም ብለህ ሂድ፣ ትንሽ ሸኝተው ይመለሳሉ።»

አልተመለሱም። መታጠፊያው ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፣ ጎማ ይነዳል፣ ወጣቶች ቆመዋል። አንዱ ጋቢውን ሲያይ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ ጮኸ። «ሬፋ! ከራ በና!» ሬሳ ነው፣ መንገድ ክፈቱ ማለቱ ነው። ድንጋዩን በእጃቸው እያነሱ መንገድ ከፈቱልን። ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ክንዳቸውን ከራሳቸው በላይ አጣምረው ቆሙ። አባቴ አፉን ከፈተ። እኔ ያኔ ወደ ጎኑ ተጠግቼ ስለነበር አይቻለሁ፤ ከፈተና ዘጋው። ወዲያው አራቱ ቀረቡ። «ኦቦ፣ ደክሟችኋል፣ እኛ እንያዝ።» ተሸካሚ ሲደክም ሌላው ትከሻውን ይሰጣል፤ እምቢ ማለት ነውር ነው። አጣናዎቹ ከአባቴና ከአጎቴ ትከሻ ወደ ልጆቹ ትከሻ አለፉ። ከዚያ በኋላ ቴሌቪዥኑ የእኛ አልነበረም። እነሱ ይዘውት ይሄዳሉ፤ አባቴ ባዶ እጁን ከፊት ከፊት ይሄዳል።

ወፍጮ ቤቱ ጥግ፣ ገዢ ባይኖርም፣ አደ ብርቄ ከጎመኗ ኋላ ተቀምጣ ነበር። ለሚ ከቤት ከወጣ ሰነባብቷል፤ ተያዘ ያለ አለ፣ ሸሸ ያለ አለ፣ ሌላም ያለ አለ። ስታየን ብድግ አለች። አላለቀሰችም። መጥታ የምንጣፉ ጫፍ ከጋቢው ወጥቶ አየች።

«እግሩ ተገልጧል» አለች።

ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ የምንጣፉን ጫፍ ሸፈነችው፤ ከሥሩም ጠቀለል አድርጋ አጠበቀችው፤ ሌሊት ተኝቶ ለተገለጠ ልጅ እንደሚደረገው። ከዚያ አባቴ ፊት ቆመች። «ታዴ፣ የማን ልጅ ነው?»

አባቴ መሬቱን አየ።

«ታዴ። የማን ልጅ ነው?»

አባቴ እንባው መጣ። አደ ብርቄ አንዴ ራሷን ነቀነቀች፣ ነግሮኛል ያለች ያህል። ዞራ መዳፏን ከአጣናው ላይ አሳረፈችና አብራ መሄድ ጀመረች። ከፊቴ የአባቴና የአጎቴ ሹክሹክታ ይሰማኛል። «ንገራት እንጂ!» «አንተ ንገራት፣ አንተ ነህ ያስተኛኸው!» «ቴሌቪዥኑ የማን ነው?» «ገሜ፣ በእግዚአብሔር!» እንዲህ እየተነጋገሩ ቤታችን በር ደረስን፤ ከኋላችን መንገዱ ሙሉ ሰው ነበር።

እናቴ ጩኸት የለሽ ሕዝብ ወደ በሯ ሲመጣ አይታ ወጣች። ባሏን አየች፣ አለ። የባሏን ወንድም አየች፣ አለ። እኔ አጭር ነኝ፤ በሰዉ መሀል አልታይም። ነጩን ነገር አየችው። ቁመቱ የትልቅ ሰው አልነበረም። እናቴ ያወጣችውን ድምፅ ከዚያ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም፤ ልሰማውም አልፈልግም። እኔ ግን የመሰለኝ የምንጣፉ ነገር ነው፤ ቴሌቪዥኑ ቀርቶ ምንጣፍ ብቻ የመጣ መስሏት የተናደደች። በሰዉ እግር መሀል ሾልኬ ወጣሁ፣ ሪሞቱን ከሹራቤ አውጥቼ ወደ ላይ ያዝኩት። ባለ በሌለ ድምፄ ጮህኩ።

«እማዬ! ቴሌቪዥን ነው!»

ልጆቹ ከትከሻቸው አላወረዱትም፤ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ አሁንም እንደ ሬሳ ቀስ ብለው፣ መሬት ላይ አሳረፉት። የጋቢውን ጫፍ የገለጠው ማን እንደሆነ አላስታውስም። ፈረንጆቹ ሶፋቸው ላይ ሆነው ሳቁብን። አጎቴ ገመቹ ከድንጋጤው የተነሳ ሳቀ፤ ማንም አልተከተለውምና መሀል ላይ ተወው። ድንጋይ የሚወረውሩብን፣ የሚሰድቡን መስሎኝ ነበር፤ ቢሰድቡን ይሻል ነበር። ከአራቱ አንዱ፣ የሰፈራችን ልጅ፣ ኮፍያውን እያጠለቀ «ኦቦ ታደሰ፣ በደስታ እዩት» አለ። አዲስ ዕቃ ለገባበት ቤት የሚባል ምርቃት ነው። ሌሎቹም ሲያልፉ አንድ በአንድ ደገሙት። «በደስታ እዩት።» «በደስታ እዩት፣ ጋሼ።» አባቴ ለምርቃቱ የሚመለሰውን ቃል ያውቃል፣ «አሜን» ነው፤ ግን ማን አሜን ይላል?

አደ ብርቄ ግን አልሄደችም። ተንበርክካ የምንጣፉን ጥቅል ዳበሰች፣ ጫፉን በጣቷ ገባ አድርጋ አየች፣ ካርቶኑን ከአናት እስከ ግርጌ ዳበሰች። «ኢልመ ኮ ሚቲ» አለች በቀስታ፤ ልጄ አይደለም። ደግማ ጮክ ብላ አለችው። ከዚያ ካርቶኑን ሳመችው። በእውነት ሳመችው፣ አንዷ ፈረንጅ ጉንጭ ላይ። ነጠላዋን አንስታ አቧራውን አራግፋ ለበሰችና ወደ ጎመኗ ተመለሰች።

ቴሌቪዥኑ ሲከፈት በቀኝ በኩል ከላይ እስከ ታች ቀለም የፈሰሰበት ይመስል ጠቁሯል። ተኝቷላ። አባቴ ወደ መርካቶ አልመለሰውም፤ ምን ብሎ? ዓመታት ሙሉ በዚያ ስክሪን አየን። ተጫዋች ኳስ ይዞ ጥቁሩ ውስጥ ይገባል፤ ይወጣ አይወጣ ጠብቀን ነው ጎል መሆኑን የምናውቀው። ዜና አንባቢዋ ግማሽ ፊት ነበራት። ዳንቴሉም ቦታ አገኘ፤ እናቴ ጥቁሩ ላይ አንጠለጠለችው። እሑድ ጎረቤት አይመጣም ነበር። ለሚ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሱሉልታ ከአክስቱ ቤት ከስቶ፣ ጢም አብቅሎ ተመለሰ፤ ተሸሽጎ ነበር። ከተመለሰ በኋላ የመጀመሪያው እሑድ ላይ አደ ብርቄ እጁን ይዛ መጥታ የድሮ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። «አንቴና የለውም ይሄኛው?» አለ ለሚ። ከዚያ ድራማውን አየን።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ አባቴ አንድ ቀን ይስቅበት ነበር ብዬ አስባለሁ። ግን በዚያው ሰሞን፣ ቴሌቪዥኑ በገባ በጥቂት ቀን፣ ጎረቤታችን ኦቦ ፈይሳ ሞቱ። ሽማግሌ ነበሩ፣ ሕመማቸውም የቆየ ነው። መንገዱ ገና ዝግ ነበር፤ ልጆቻቸው በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ መታጠፊያው ላይ ያው ወጣቶች አስቆሟቸው። «ግለጡት» አሉ። ልጆቹ «አባታችን ነው» አሉ። «ባለፈው ጊዜም ሬሳ ነው ብለን ተሸክመናል። ግለጡት።» በአደባባይ፣ በሴቶቹ ፊት፣ የኦቦ ፈይሳ ፊት ተገለጠ። ነፋስ ነበረ ይላሉ፣ መልሶ ለመሸፈን ጊዜ ወሰደ። አባቴ ለቀስተኛው መሀል ነበር፤ አየ። የዚያን ዕለት ቤት ሲመጣ እናቴ ውሃ ሰጠችው፤ ኩባያውን እንደያዘ «ሰው ገለጥኩ» አለ።

ከዚያ በኋላ አባቴ ቃሬዛ አልነካም። ቀብር አይቀርም፤ ግን መጨረሻ ላይ፣ ከልጆቹ ኋላ ይሄዳል። እኛ ሰፈር የወንድ ክብሩ ትከሻው ነው፤ ማን ስንቴ ተቀበለ፣ ማን ከፊት ያዘ ተብሎ ይወራል። ማንም አትያዝ አላለውም። እሱ ራሱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይሄዳል። የእድሩ የእንጨት ቃሬዛ ሲሰበር በብረት የሠራላቸው ግን አባቴ ነው፤ ሳይጠይቁት። አረንጓዴ ቀባው፣ እጀታዎቹን ትከሻ እንዳይቆርጡ በላስቲክ አለበሳቸው። ሠርቶ ሲጨርስ ሊወስዱት የመጡት ሰዎች «በል አንድ ጫፍ ያዝና እናስገባው» ቢሉት «ወገቤን አሞኛል» አለ። ቃሬዛው ባዶ ነበር እኮ! ባዶውን እንኳ አልያዘም። እኔ ከብየዳ ቤቱ በር ላይ ሆኜ ሰማሁት፤ ወገቡን እንዳላመመው ደግሞ አውቃለሁ።

ዓመታት አለፉ፤ መንገዱ ተከፈተ፣ ሰፋ፣ ሙዚቃ ቤቶቹ ሁለቱም ሞባይል ቤት ሆኑ። የእኔ ጩኸት ግን ሰፈር ውስጥ ቀረ። መጀመሪያ ለማላገጥ ነበር፤ ቆይቶ ልማድ ሆነ። አዲስ ቴሌቪዥን የሚያመጣ ሰው ካርቶኑን አይሸፍንም፣ አያስተኛም፣ በራችን ላይ ይጮሃል። አዲስ የመጡ ተከራዮች ለምን እንደሚጮህ እንኳ ሳያውቁ ይጮሃሉ።

ባለፈው ወር አደ ብርቄ አረፈች። አርጅታ፣ በአልጋዋ ላይ፣ ለሚ እጇን ይዞት። ለሚ ዛሬ ሁለት ልጆች ያሉት የሂሳብ አስተማሪ ነው። በቀብሯ ቀን አባቴ እንደ ልማዱ ኋላ ቆሞ ነበር፣ እኔም አጠገቡ። ለሚ በለቀስተኛው መሀል አልፎ መጣ። ዓይኑ አብጧል።

«ጋሽ ታዴ፣ የፊቱ እጀታ የእርስዎ ነው።»

«ተው ልጄ። ሰው ሞልቷል።»

«እናቴ ናት ያለችው። “ታዴ ይያዘኝ፤ እኔ ቴሌቪዥኑን አልቅሼ ሸኝቼለታለሁ፣ እሱም ይሸኘኝ” ብላለች።»

አጎቴ ገመቹ ከጎን ፈነዳ፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። አባቴ ግን እጆቹን ከኋላው ፈታቸው፣ አያቸው፣ በኮቱ ጠረጋቸው። ከዚያ ሄዶ ራሱ በላስቲክ ያለበሰውን እጀታ ይዞ ትከሻውን ከሥሩ አስገባ።

ቀጥ ብሎ ነው የሄደው። ሌሎቹ ተሸካሚዎች ሲቀያየሩ እሱ ለማንም አልሰጠም፤ ቢጠይቁትም ራሱን ይነቀንቃል። ወፍጮ ቤቱ ጥግ ስንደርስ፣ ጎመን ትሸጥበት የነበረው ቦታ ላይ፣ የማናውቀው ሰው ቆሞ ነበር፤ ለሰፈሩ አዲስ ሳይሆን አይቀርም። ኮፍያውን አውልቆ፣ እንደ ወጉ፣ ሊሸኝ ከዳር ገባ። አባቴ አንገቱን ቀና አደረገ። መንገዱ ሙሉ እስኪሰማው፣ ድምፁ እየተሰነጠቀ ጮኸ።

«ብርቄ ናት! የለሚ እናት ብርቄ ናት!»

የጠየቀው ሰው አልነበረም።